ሲስተር የሻረግ ሞተር ሲመርጡ

ሲስተር የሻረግ አረፉ። ስኳራቸው ሲያስቸግራቸው ከርሞ፣ አንድ ጠዋት በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ከእኛ ግቢ ጋር በአንድ አጥር ነው የሚዋሰነው። በቀብራቸው ዕለት ከጎጃም የመጣው የወንድማቸው ልጅ ወረቀት አውጥቶ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ በነርስነት እንዴት እንዳገለገሉ፣ ደግ እንደነበሩ፣ ትሑት እንደነበሩ። ትሑት! ሰውየው ስለ ማን ነው የሚያወራው ብዬ አጠገቤ ያሉትን አየሁ። ስለ ሞተራቸው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ድንኳኑ ውስጥ ጠጋ ብዬ ለምን እንደተወው ጠየቅሁት። ለቤተሰብ አይመችም፣ ሴት በሞተር ስትዞር ኖረች ሲባል ሰው ምን ይላል አለኝ። ደሜ ፈላ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ የምለውን አውቅ ነበር። ያለ ሞተር እኮ ሲስተር የሻረግ የሉም! እሱ ያፈረበትን እኔ እጽፈዋለሁ፤ የሚከፋው ይክፋው።

ሲስተር ወደ አርባ ምንጭ የመጡት ገና ልጅ እግር ነርስ ሆነው ነው። መንግሥት በሰጣቸው ሞተር ዳገቱን ዶርዜና ጨንቻ ድረስ እየወጡ ሲከትቡ፣ ሲያዋልዱ፣ ቁስል ሲያጥቡ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ጋሞኛን በጎጃም ዜማ ነበር የሚናገሩት፤ እኛ የጋሞ ልጆች እንስቅባቸዋለን፣ እሳቸው ደግሞ በአማርኛችን ይስቁብናል። ጡረታ ሲወጡ መንግሥት ሞተሩን ተረከባቸው። ሰው ሁሉ እንግዲህ አርፈው ሊቀመጡ ነው ሲል፣ ከወር በኋላ አንድ ጥቁር ትልቅ ሞተር ይዘው ከች አሉ። ክሩዘር የሚሉት ዓይነት ነው፤ መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ እጀታው ወደ ነጂው የተቆለመመ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግተው ደልደል ብለው የሚነዱት። ያገለገለ ነው፤ ግን አንድም ቀን መንገድ ላይ አስቁሟቸው አያውቅም።

እሑድ ነጠላቸውን ካፖርታቸው ውስጥ አጣጥፈው፣ ሄልሜት አጥልቀው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሞተሩን ከበሩ ራቅ አድርገው ያቆሙና ነጠላቸውን አጣፍተው ይገባሉ። አንድ ሰውዬ አንድ ቀን፣ ለሴት ይሄ ነውር አይደለም ወይ ብሎ ተናገራቸው። ሚስትህን ምጥ ሲይዛት እኔ በምን የደረስኩ መሰለህ ብለው ጠየቁት። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

ሞተር ያወቁት ከተሰበረ እግር በኩል እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ከዳገቱ ላይ ወድቆ የመጣውን ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚያሥሩት። ሲያሥሩም ዝም አይሉም፤ ፍሬኑ ነው ወይስ ጎማው፣ ከማን ገዛኸው፣ ስትገዛው አይተኸው ነበር እያሉ በሽተኛውን ያፋጥጡታል። እንደዚህ ሲጠይቁ ኖረው የሰው እግር የሚሰበረው ቁልቁለቱ ላይ ሳይሆን የግዢው ቀን ነው ወደሚል ነገር ደረሱ። ይሄን ሲናገሩ ይናደዳሉ። እውነቴን ነው፣ ያቺን ሴት ሳይናደዱ ያየኋቸው ቀን ትንሽ ነው።

ስለዚህ በከተማው ያገለገለ ሞተር ሊገዛ ያሰበ ሁሉ ሲስተርን ይጠራል፤ ያልጠራቸውም አይቀርለትም። ቀጠሮ አይወዱም። ሻጩ ሳያስበው በጠዋት ከተፍ ይሉና፣ ሰላምታ እንኳን ሳይጨርሱ መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ። ከሞቀ ጉዳዩ አለቀ፣ ወደ ቤት። በብርድ አልነሳ የሚል፣ ሲነሳም የሚያጨስና የሚንኳኳ ሞተር ጉዱ የሚወጣው መጀመሪያ ሲያስነሡት ነው፤ ሻጭ ይሄን ያውቃል፣ ገዢ ሳይደርስ ያሞቀዋል። የቀዘቀዘ ሆኖ ካገኙት ደግሞ ምርመራው ይቀጥላል። የነዳጅ ታንኩን ከፍተው በባትሪ ወደ ውስጥ ያያሉ፤ ትልቅ ሞተር ብዙ ጊዜ ተገትሮ ስለሚከርም ታንኩ ውስጡን ዝጎ ይገኛል። የጎማውን ጥርስ ሳይሆን ጎኑን ነው የሚያዩት፣ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ። የፍሬኑን እጀታ ጫፍ፣ የእግር ማሳረፊያውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን ጎን በጣታቸው ይዳብሳሉ፤ ይሄ ከባድ ሞተር ነው፣ አንዴ ከተጋደመ ምልክቱን የሚተወው እዚያ ነው ይላሉ። ገዢውን ደግሞ፣ ዕቃው ሲበላሽ መለዋወጫውን ከየት ታመጣለህ፣ አርባ ምንጭ አለ ወይ ብለው ያፋጥጡታል። አብዛኛው ገዢ ይሄን አስቦት አያውቅም፤ እሱ ያሰበው ተቀምጦበት የሚነሳውን ፎቶ ነው።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ፈትሉን ነው። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ የዶርዜ ሴቶች የፈተሉት የጥጥ ፈትል አይጠፋም። አጠገባቸው የተገኘውን ሰው፣ ሻጩም ይሁን መንገደኛ፣ ና ያዝልኝ ይሉና ጫፉን ያስይዙታል። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ በአንድ ጎን ይወጥሩታል፤ ከዚያ በሌላው ጎን። ከፊት ጎማው ጋር ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ እኩል ካልመጣ፣ የሞተሩ አጥንት፣ ሻንሲው ማለት ነው፣ ተጣሟል። የተጣመመ ሻንሲ ማለት የተጋጨ ሞተር ማለት ነው። ቀለም ቢቀቡት፣ ቢወለውሉት፣ ፈትሉ ላይ ይታያል።

ታናሽ ወንድሜ ታደለ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ በሚባል ቦታ የሙዝ እርሻ አለው። ሚስቱ ብርቄ ዶርዜ ታስተምራለች። ዓርብ ወጥቶ እሷንና ትንሿን ልጃቸውን ያመጣል፣ እሑድ ይመልሳቸዋል። ያንን ጠመዝማዛ ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲወርዱበት ፍሬን ይዞ፣ ሰውነት አዘንብሎ፣ ጸሎት አድርሶ ነው። ታደለ በአሮጌ ትንሽ ሞተር ሲመላለስ ቆይቶ፣ በከተማችን በሲቀላ ሰፈር መናኸሪያ አካባቢ፣ ቦጋለ የሚባል የሞተር ነጋዴ ግቢ ውስጥ አንድ ቀይ ክሩዘር አየና ልቡ ጠፋ። ቦጋለ፣ አንድ የአዲስ አበባ ሐኪም እሑድ እሑድ ብቻ የነዳው ነው አለው። ስንቱ ሐኪም እሑድ እሑድ ብቻ እንደሚነዳ እንጃ፤ ቦጋለ ግቢ የቆመ ሞተር ሁሉ የሐኪም ነው።

ሲስተርን ይዣቸው ሄድኩ። መዳፋቸውን አሳረፉ፤ ሞቋል። ልማዳቸው እንደዚያ ሲያገኙ መመለስ ነበር። የዚያን ቀን ግን ታደለ ሚስቱንና ልጁን የሚያፈናጥጥበት መሆኑን ስለነገርኳቸው አልተመለሱም። ፈትሉን አወጡ፣ ታደለን ራሱን ጫፉን አስያዙት። በግራ በኩል የፊት ጎማውን ነካ፣ በቀኝ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። ተንበርክከው ከታንኩ ሥር አዩ። ሻንሲው ተሰብሮ ተበይዷል፤ ብየዳው ላይ ቀለሙ ገና ይሸታል። ተነሡና ግቢው ውስጥ ለነበረው ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ ይሄ ሞተር ተሰብሮ የተበየደ ነው፣ ከዶርዜ ሲወርድ ለሁለት ይከፈላል አሉ።

ቦጋለ ሴትዮዋ ጡረታቸውን ቁጭ ብለው ይብሉ፣ ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች ብሎ ሳቀ። ግቢው ውስጥ የነበሩትም አብረውት ሳቁ። ታደለም፣ የእናቴ ልጅ፣ ፈትሉን እየጠቀለለ ፈገግ አለ።  ሲስተር ፈትሉን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። በማግስቱ ጠዋት ጥቁሩን ሞተራቸውን ከቦጋለ በር ፊት ለፊት አቆሙና ተቀመጡበት። የገባውን ሰው ሁሉ፣ ቀዩን እንዳትገዛ ይላሉ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። የቦጋለ ገበያ ቀዘቀዘ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ። በእኛ በጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መጥተው ከተንበረከኩ፣ በቃ። የተቆጣው ይበርዳል፣ ደም የተቃባውም ይቆማል። እምቢ ማለት ጎሜ ነው፤ ነውር ብቻ አይደለም፣ በአንተም በልጆችህም ላይ የሚመጣ ጥፋት ነው። በዚህ ሣር ስንት ነፍስ ድኗል! ቦጋለ ታዲያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደና፣ ከሲስተር ጋር ተጣልተናል፣ በአደባባይ አዋርደውኛል፣ እርቅ እፈልጋለሁ ብሎ አለቀሰ። ስለ ብየዳው ትንፍሽ አላለም። ለአንድ ሰባራ ሞተር መሸፈኛ የአባቶቻችንን ሣር አስያዛቸው።

አቶ ሻንካ የሚመሯቸው ሽማግሌዎች ሲስተር ደጅ መጥተው ተንበረከኩ። እኔ ከአጥሩ ማዶ ነበርኩ። ሲስተር ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወጥተው እሳቸውም ተንበረከኩ፤ የአገሩን ሥርዓት ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቀና ብለው፣ ጉዳዩ ግን ብለው ሲጀምሩ አቶ ሻንካ በጋሞኛ አቋረጧቸው። ሣር ከተያዘ በኋላ ጉዳይ አይቆጠርም፤ መቆጠር ከጀመረ ማንም አይታረቅም አሏቸው።  ሲስተር ይቅር ብያለሁ አሉ። ይቅር ከተባለ ደግሞ ነገሩ ዳግመኛ አይነሣም፤ ሥርዓቱ ነው። ጥቁሩ ሞተር ከቦጋለ በር ተነሣ። ቦጋለ የፈለገውን አገኘ፤ የሲስተርን አፍ በሣር ዘጋው።

ሳምንት ሳይሞላ ታደለ ፊቱ በርቶ መጣ። ቀዩን ሊገዛ ነው። አብደሃል ወይ አልኩት። ያለኝን መቼም አልረሳውም።

«ሲስተር እኮ ታርቀዋል። ሽማግሌ ገብቶበት፣ ሣር ወርዶበት፣ ነገሩ ጠርቷል።»

«የታረቁት ከሰውየው ነው፤ ከብየዳው ጋር ማን አስታረቃቸው?» አልኩት።

ሣር የነካውን ነገር ልትጠራጠሪ ነው ወይ ብሎ ተቆጣኝ። ሞኝ አይደለም ወንድሜ፤ የተማረ ነው። ግን እርቅ የወረደበት ነገር ንጹሕ ነው ብሎ ያደገ ልጅ ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነን። ቦጋለም ይሄን አሳምሮ ያውቃል፤ ለታደለ ይሄንኑ ነው የነገረው፣ ሲስተር እንኳን ይቅር ብለውታል እያለ። ነገ ጠዋት ልረከበው ነው፣ ከሰዓት ብርቄንና ልጅቷን በእሱ ዶርዜ አደርሳቸዋለሁ ብሎኝ ሄደ።

ሮጬ ለሲስተር ነገርኳቸው። ይጮሃሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ አልጮሁም። ቃል ሰጥቻለሁ አሉኝ። ከዚህ አገር ሰው ጋር የኖርኩት ቃሌን ጠብቄ ነው፣ ዛሬ አላፈርሰውም አሉ። እንዲያውም ተናደድኩባቸው፤ ሰው ሊሞት ነው ስለ ቃል የሚያወሩት አልኳቸው።  ወደ ጓሮ ዞሩና ከቧንቧው ሥር፣ ውኃ ከሚተኛበት ቦታ፣ እርጥብ ሣር አጨዱ።

በማግስቱ ጠዋት ከኋላቸው ተፈናጥጬ ላንቴ ወረድን። ታደለ ሸሚዝ ቀይሮ ሊወጣ ደጅ ላይ ነበር። ሲስተር ሞተራቸውን አቆሙ፣ ሄልሜታቸውን አወለቁ፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ከሙዙ መስኖ የወጣው ጭቃ ላይ ተንበረከኩ። ሴት ሣር ይዛ ስትለምን በዘመኔ አይቼ አላውቅም፤ ያውም ከሌላ አገር የመጣች ሴት።

«ስለ ማንም ሰው አልናገርም፣ ስለ ምንም ነገር አላነሣም» አሉት። «ዛሬ ወደ ሲቀላ አትሂድ። የምለምንህ ይሄን ብቻ ነው።»

ታደለ ፊቱ ቀላ። ይሄ ለእርስዎ አልተፈቀደም፣ የእኛን ሥርዓት መጫወቻ አደረጉት አለ። ብርቄ ልጇን አቅፋ ከቤት ወጣች፤ ጭቃው ላይ የተንበረከኩትን አሮጊት አየች፣ ባሏን አየች፣ ሣር ይዘው እየለመኑህ ቆመህ ታያቸዋለህ ወይ አለችው። ታደለ ጥርሱን ነክሶ አነሣቸው። እሺ አለ። ግን ንዴቱ አልወጣለትም፤ ያን ቀን ሲቀላ አልሄደም፣ የሄደው አቶ ሻንካ ዘንድ ነው። ከሰሳቸው።

አይ የእኛ ከተማ! ቦጋለ ሣሩን ለሌብነት ሲያውለው ዝም ያለ ሰው ሁሉ፣ ሲስተር ለነፍስ ስላዋሉት አፉን ከፈተ። ማን ሾማት፣ ሴት ሆና፣ እንግዳ ሆና፣ ሥርዓት አበላሸች። ገበያ ውስጥ ሰላምታ የነሷቸውን ሴቶች በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዷን እሳቸው ናቸው ያዋለዷት። ሽማግሌዎቹም ሁላችንንም አስጠሩን፤ ሲስተርን፣ ታደለን፣ ቦጋለን፣ ምስክር ብለው እኔን። የተሰበሰብነው ቦጋለ ግቢ በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ነው።

አቶ ሻንካ ለምን ሣር እንደያዙ ጠየቋቸው። ሲስተር፣ አትናገሪ ብላችሁኛል፣ አልናገርም አሉ። ደግመው ጠየቋቸው፤ ያንኑ መለሱ። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ተነሣሁ። ይቅር ያልኩትም ቃል የሰጠሁትም እኔ አይደለሁ! ፈትሉን፣ ብየዳውን፣ የቀለሙን ሽታ፣ ብርቄንና ልጅቷን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አቶ ሻንካ ፊታቸው ሲለዋወጥ ይታየኛል። ስለ ብየዳው ምንም አልሰሙም ነበር።

ቦጋለ ቀዩን እንዲያወጣ አዘዙት። አወጣ። እውነት ነው ወይ አሉት። ድሮ የተበየደ ነው፣ እንዲያውም ከአዲሱ ይጠነክራል፣ ምንም አይሆንም አለ። አቶ ሻንካ ቁልፉን ተቀበሉት፤ መልሰው ዘረጉለት።

«ምንም የማይሆን ከሆነ፣ ልጅህን ከኋላህ አስቀምጥና ዶርዜ ወጥተህ ውረድ» አሉት።

ቦጋለ ቁልፉን አየው። እጁን ከሱሪው ኪስ አላወጣም። ሁሉም ሰው ይጠብቃል፣ አቶ ሻንካ ክንዳቸው እንደተዘረጋ ነው። ቦጋለ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ታደለ ቀስ ብሎ ወደ ሞተሩ ሄደ፣ ከታንኩ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ፤ የመጀመሪያ ቀን ሊያየው ያልፈለገውን ያኔ አየው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሻንሲው በአቶ ሻንካ ትእዛዝ በዚያው ቦታ፣ ሁላችንም ቆመን እያየን፣ በመጋዝ ተቆረጠ። የሚቆርጠው ልጅ ብዙም አልደከመም፤ ብየዳው ጋ ሲደርስ በራሱ ለቀቀ። ሰዉ ጉድ አለ። ሲስተርን ያላመሰገነ የለም፤ ሰላምታ የነሷቸውም ሊስሟቸው ተሽቀዳደሙ። አቶ ሻንካ ወደ እሳቸው ዞረው፣ አሁን ተናገሪ፣ ቃልሽን ፈትተንልሻል አሏቸው።

ሲስተር ሄልሜታቸውን ያጠልቁ ነበር፤ አወረዱት። እንደዚያ ቀን ተናደው አይቻቸው አላውቅም። ግን አልጮሁም።

«አሁን ምን እናገራለሁ? እዚሁ ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ይሰበራል ያልኩ ቀን የሰሙት ሳቁብኝ። እናንተም ሣር ይዛችሁ የመጣችሁት ወደ እሱ አይደለም፤ ወደ እኔ ነው።»

አቶ ሻንካ ቁልፉ እጃቸው ላይ እንዳለ ነበሩ። ሲስተር ሄልሜታቸውን መልሰው አጠለቁና ጥቁሩን ሞተራቸውን አስነሡ።